ሲስተሙ ከዛፍ ሥር አያይም

ስለ ታላላቅ ከተሞች መጪ ዕድል የሚናገሩ ሰዎችን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ሁሉም ከላይ ሆነው ነው የሚናገሩት። የሚያሳዩት ሥዕል ከአውሮፕላን የተነሣ ነው፤ ካልሆነም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ተጎንብሰው ቁልቁል የሚያዩት፣ ከካርቶን የተሠራ ሞዴል ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ ሰው ካለ የጉንዳን ያህል ነው፤ ጉንዳን ደግሞ አቤቱታ የለውም። የነገውን ከተማ ከታች ወደ ላይ፣ ለምሳሌ ቦይ ዳር ቆሞ ታክሲ በሚጠብቅ ሰው ዓይን፣ ሥሎ ያሳየኝ ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖር ኖሮ በነገዋ ከተማ ውስጥ ጭቃ ይኖር ነበር።

አንድ ሰሞን የነዋሪዎች ተወካይ ሆኜ ነበር። የተመረጥኩት በስብሰባው ላይ ባለመገኘቴ ነው፤ በእኛ ሰፈር የቀረ ሰው ይመረጣል። በዚሁ ሹመቴ ቃሊቲ አንድ አዳራሽ ተጠርቼ ግማሽ ቀን ስለ መጪው ዘመን ከተማ ተማርኩ። ትምህርቱን ውጭ አገር ጨርሶ የመጣ ወጣት የዓለምን ግዙፍ ከተሞች አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ እያበራ አሳየን። ወደፊት ከተማ እንደ ሰው ያስባል አለን። ቧንቧ ሲሰበር ቧንቧው ራሱ ይናገራል፤ የመንገድ አምፖል ሲቃጠል አምፖሉ ራሱ ያመለክታል፤ የቆሻሻ ገንዳ ሲሞላ ገንዳው ራሱ መኪና ይጠራል። ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ አቶ ሽኩር፣ ከስልጤ መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ ከከፈቱ የቆዩ ሰው ናቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "የእኛ ገንዳ ሞልቶ ሲናገር ነው የከረመው፤ ሰሚ አጣ እንጂ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገንዳችን የሚናገረው በሽታው ነው። ቃሉን በወደዳችሁበት በኩል አንብቡት፤ በሁለቱም በኩል እውነት ነው።

ካርታ ጠላሁ ብል ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል። አቃቂ ውስጥ ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅዬ በዘንግ እየጠቆምኩ ያሳደግኳቸው ልጆች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይዘዋል፤ አንዳንዶቹም ሲያዩኝ ወንበሩን ለቀው ይነሣሉ፣ ጉዳዬን ግን አይፈጽሙልኝም። የሚያንገበግበኝ ካርታው አይደለም። የሚያንገበግበኝ ካርታውን በእጁ ይዞ፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው "የለህም" የሚል ሰው ነው። ይህንንም የምለው በደፈናው አይደለም፤ በእትዬ አስካለ ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው።

እትዬ አስካለ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ነበሩ። በእኔ በርና በእሳቸው በር መካከል ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን የጨረሱት ፈትል ፋብሪካ ውስጥ ነው። የማሽኑ ጩኸት የጆሯቸውን ግማሽ ስለወሰደው ሰው ሲያናግራቸው አፉን ነው የሚያዩት፤ ራሳቸው ሲናገሩ ደግሞ አሁንም ከጀርባቸው ማሽን የሚሽከረከር ይመስል ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በእሳቸው ቤት ምሥጢር ማውራት አይቻልም። የእሳቸውን "እንደምን አደርክ" የሚሰማው እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ቦታ ሲመራቸው የደረሳቸው ቦታ ላይ አንድ ዋርካ ነበር። ዋርካ ስላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ዛፍ አታስቡ። የሰርግ ድንኳን የሚያህል፣ ቅርንጫፉ ራሱን ችሎ ሌላ ዛፍ የሚሆን፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ ነው። ቦታው ለከተማ ከመሰጠቱ በፊት የኦቦ ገመቹ ማሳ ነበር። ኦቦ ገመቹ ማሳቸውን ለቀው ሲሄዱ ይቅርታ ያላቸው እንኳ አልነበረም። እሳቸውም ከአዲሶቹ ሰፋሪዎች የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋርካውን አትቁረጡት አሉ። አባታቸውና አያታቸው ከሥሩ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቁበት ነበር። የእትዬ አስካለ ባለቤት እጃቸውን ይዘው ቃል ገቡላቸው፤ ከዚያም ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታቸውን ከዋርካው ሥር አስጠግተው ሠሩ። ልጆች ወለዱበት፣ ልጆቹን ዳሩበት፣ በመጨረሻም አስከሬናቸው ከዚያው ቤት ወጣ። የምሪት ደብዳቤው ግን፣ መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌው ማኅደር ከነሣጥኑ ሲበተን፣ አብሮ ተበተነ። እኔ የራሴን በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። በዚህም ብዙ ዓመት እኮራ ነበር።

ከዚያ የመመዝገቢያው ዘመን መጣ። ያኔ ከተማው ሁሉ ይቆፈር፣ ይለካና ይመዘገብ ነበር፤ ያልተቆፈረ መንገድ ካያችሁ በማግሥቱ ሊቆፈር ነው ማለት ነው። ደንቡ እንዲህ የሚል ነበር፦ ቤቱ የአየር ፎቶግራፉ በተነሣ ጊዜ ከነበረ ሕጋዊ ነው፣ ካርታ ይሰጠዋል፤ ፎቶግራፉ ላይ ካልታየ ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራ ስለሆነ ሕገ ወጥ ነው፣ ይፈርሳል። ቀላል ነው። እኔ ደግሞ ቀላል ደንብ እፈራለሁ፤ አስቸጋሪ ደንብ ሲሆን ቢያንስ ያወጣው ሰው ትንሽ አስቦበታል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ከእትዬ አስካለ ጋር በተመላለስንበት ጊዜ ስሙ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረ የቱን እንደምጠራው አላውቅም። መግቢያው ላይ "የአንድ መስኮት አገልግሎት" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ነበር። ከሰሌዳው ሥር ስድስት መስኮቶች ነበሩ። አምስቱን አዳርሰን ስድስተኛው ላይ ናትናኤል የሚባል ልጅ አገኘን፤ ቀጭን፣ ዓይኖቹ በኮምፒውተር የቀሉ፣ ሰው "ልጄ" ሲለው የሚደነግጥ። ይህ ልጅ ሌላው ያላደረገውን አደረገ። ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው።

"ይኸውልዎት እማማ" አላቸው። "ይሄ መንገዱ ነው። ይሄ የመምህር ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ያበራል። ይሄ የአቶ ሽኩር ሱቅ። እርስዎ ቤቴ ነው የሚሉት ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ይሄ ጥቁር ክብ ነገር ነው።"

"ዋርካው ነው" አሉ እትዬ አስካለ፣ የሚያውቁትን ሰው ባዕድ አገር እንዳገኙ ሁሉ ደስ ብሏቸው።

"አዎ፣ ዛፍ ነው። ቤት ግን አይታይም።"

"ቤቱ ከሥሩ ነዋ።"

"ሲስተሙ ከዛፍ ሥር አያይም፣ እማማ።"

እትዬ አስካለ የልጁን ከንፈር ሲያዩ ቆዩና፣ በዚያ በፋብሪካ ድምፃቸው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ "አንተስ፣ እኔ እታይሃለሁ?" አሉት።

"እኔማ አየዎታለሁ" አለ ናትናኤል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሲስተሙ ነው።"

አበው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ የሰማዩን ነገር ተጠራጥረው ነበር። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። በምድር ቤት አለኝ የሚል ሰው ነው የሚጠረጠረው፤ ሰማይ ካልመሰከረለት የለውም። "ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው" የሚባልም ነገር አለ። የእትዬ አስካለን ቤት አገር ያውቀዋል። ፀሐይ አልሞቀውም። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ማስረጃ አምጡ ተባልንና ማስረጃ መሸከም ጀመርን። ከአቃቂ ተነሥተን፣ ከከባድ መኪኖች ኋላ ጭስ እየጠጣን፣ በሚኒባስ ቃሊቲ እንመላለሳለን። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ስንደርስ ስንቅ የያዙ ጠያቂዎች ይወርዳሉ፤ ታክሲው ባዶውን ይቀራል። አንድ ቀን እትዬ አስካለ በመስኮት ሲያዩዋቸው ቆዩና፣ "የእነዚህ ሰው እንኳ ያለበት ቦታ በወረቀት ተጽፎ ይታወቃል" አሉኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ ቀና ብሎ አያቸው።

ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ የመብራት ደረሰኝ አቀረብን። ደረሰኝ መብራት መጠቀማቸውን እንጂ ቤት መኖሩን አያሳይም ተባለ። ሰው ቤት ሳይኖረው መብራት የሚያበራው የት ላይ ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ሌላ መስኮት ነው አሉኝ። የእድር መዝገብ አቀረብን። የባለቤታቸው አስከሬን የወጣው ከዚያ ቤት ነው፣ እኔ ራሴ በትከሻዬ ተሸክሜያለሁ ብዬ መሰከርኩ። አስከሬን ከድንኳንም ይወጣል አሉኝ። ጡረተኛ ሰው ነኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ፤ ግን የዚያን ቀን በመዝገቡ መስኮቱን መትቻለሁ። ደንግጠው ያዩኝ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ነበሩ። ካደረግኩት ይልቅ የእነሱ ማየት ነው ያሳፈረኝ።

በመጨረሻ፣ በናትናኤል ጉትጎታ ይመስለኛል፣ አጣሪ ቡድን ተላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ኃላፊዋ መልካም ጠባይ ያላት ኢንጂነር ነበረች። ረጅም ዘንግ ላይ የተተከለ መሣሪያ ይዘዋል፤ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ ያለንበትን ቦታ በጣት ስፋት ልክ ያውቃል ተባልን። ዘንጉ ከዋርካው ሥር ሲተከል መሣሪያው ዝም አለ። ቢያዟዙሩት፣ ቢያጠፉት፣ ቢያበሩት ዝም። ከቅጠሉ ጥላ ወጥተው መንገዱ ላይ ሲተክሉት ያወራል፤ ወደ ቤቱ ሲጠጉ አፉን ይይዛል። ከብዙ ድካም በኋላ አንዱ ልጅ ከሩቅ ለክቼ በስሌት አገኘሁት አለ። ሲታይ የእትዬ አስካለ ቤት በትክክል የአቶ ሽኩር ሽንት ቤት ላይ አርፏል።

አቶ ሽኩር ከሱቃቸው ወጥተው ነገሩን አስረዱኝ አሉ። ሲያስረዷቸው ጥቂት አሰቡና፣ "እኔ ለእትዬ አስካለ ሽንት ቤቴን ከልክዬ አላውቅም፤ ሲቸገሩም ቁልፉን ሰጥቻለሁ። ግን በስማቸው ከተመዘገበ እኔ ማንን ላስፈቅድ ነው?" ብለው በትሕትና ጠየቁ። ኢንጂነሯ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። ዛፉን ባየችው ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣላት።

"ለምን አትቆርጡትም?" አለች። "ሙሉውን እንኳ ባይሆን በቤቱ በኩል ያለውን። አራቱ ማዕዘን ሰማይ ካየ ዛሬውኑ እንለካለን፤ ዕድሜውን ደግሞ በምስክር እናጸናለን። ነገሩ ያልቃል።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደገፍኳት። ምልልሱ ሰልችቶኛል፤ ሚኒባሱ፣ ወረፋው፣ "ነገ ተመለሱ" የሚለው ቃል አንገቴ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት መንገዱን እየተሻገርኩ እትዬ አስካለን እጨቀጭቃቸው ጀመር። ዛፍ ይበቅላል፣ ካርታ ግን አይበቅልም አልኳቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ የዚህ ነገር ሥሩ ዛፉ ነው አልኳቸው። እሳቸው አፌን እያዩ አዳምጠው ሲያበቁ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

"ዛፉ ላይ ቃል አለ፣ መምህር።"

"ቃል የተቀበሉት ኦቦ ገመቹ ሞተዋል። ቃል የሰጡት ባለቤትዎም ሞተዋል። ማን ይጠይቅዎታል?"

"እሱ ነዋ ችግሩ። ሁለቱም ከሞቱ ቃሉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው" አሉኝ። "ቤት ቢፈርስ ሌላ ይሠራል። አንተ ዋርካ ትሠራለህ?"

ተናደድኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላምታዬን አሳጠርኩባቸው። እሳቸው የሰሙት የሰላምታዬን ግማሽ ስለሆነ መቆጣቴን እንኳ አላወቁልኝም። ናትናኤል ፋይሉን "በእንጥልጥል" ከሚል ክምር ሥር አስገባው። እትዬ አስካለ በየምሽቱ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሣሉ፣ ካለፈ በኋላ ይቀመጣሉ። የጣሪያቸው ቆርቆሮ ተበስቷል፤ ሕገ ወጥ ቤት ማደስ ስለሚያስቀጣ አያስለውጡትም። ውሃ አይገባላቸውም፤ ለሌለ ቤት ቧንቧ አይዘረጋም። ከአቶ ሽኩር ቧንቧ ይቀዳሉ። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሲሆን እንዴት እንደሚቀመጥ ያየሁት እሳቸው ላይ ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ቆይቶ የአዲሱ መንገድ ወሬ መጣ። ሰፊ መንገድ፣ መሀሉ አበባ የሚተከልበት፣ ከፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ከባድ መኪና ሁሉ የሚያስተነፍስ። ሥዕሉን አሳዩን፤ እንደተለመደው ከላይ የታየ ነው። በሥዕሉ ላይ መንገዱ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይመጣና እኛ ሰፈር ሲደርስ ትንሽ ይጎብጣል። ለምን እንደጎበጠ ጠየቅኩ። ያ ሰሞን አረንጓዴ የሚል ቃል በየንግግሩ የሚገባበት ሰሞን ነበር፤ ንድፉን የሠራው ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ያንን ጥቁር ክብ ነገር አይቶ፣ "ነባር አገር በቀል ዛፍ፣ ይጠበቅ" ብሎ ጽፎበታል። መንገዱ ለዋርካው ትሕትና አሳይቶ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ያለው ወደ እኔ ሳሎን ነው።

አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። በምዝገባው የተሰጠኝን ካርታ ከላስቲኩ አወጣሁ፣ ማኅተሙን አየሁ፣ ልብሴን ለብሼ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የተቀበለኝ ኃላፊ ካርታዬን ገልብጦ በአክብሮት አየው። "ትክክለኛ ነው" አለኝ። "ቤትዎ በትክክል የት እንደሚያርፍ ያወቅነውም በዚሁ ነው።"

የመፍረሻው ቀን ማለዳ ባለቤቴ ፀዳለ ቤቱን እየጠረገች አገኘኋት። ዕቃው ወጥቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጥግ ጥጉን ትጠርጋለች። ለሚፈርስ ቤት ምን ያስጠርጋል አልኳት። ቀና ሳትል "እና ቆሽሾ ይፍረስ?" አለችኝ። መጥረጊያውን ከእጇ ልቀበላት ብዬ አልቻልኩም፤ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ማሽኑ ሲመጣ ከጠበቅኩት በላይ ፈጠነ። አንድ ሰው በሕይወቱ የሠራውን ለማፍረስ ሾፌሩ ማርሽ የቀየረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ፎርማኑ ዝርዝሩን በእጁ ይዞ መንገዱን ተሻገረና ከዋርካው ሥር ቆመ። በሩን አየ። ቆርቆሮውን አየ። በሩ ላይ የቆሙትን እትዬ አስካለን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየ፤ ገለበጠ፤ ደግሞ አየ። ወደ እኔም ዞሮ፣ ምናልባት ሽበቴን አይቶ ይሆናል፣ "አባቴ፣ እዚህ ጋ ቤት የለም አይደል?" አለኝ።

አስቡት እንግዲህ። ይህንኑ ጥያቄ በስድስት መስኮት ስመልስ የከረምኩ ሰው ነኝ። "አለ እንጂ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ምስክር ልጥራ፣ የእድር መዝገብ ላምጣ ልል ነው። ፀዳለ እግሬን ረገጠችኝ። ቀላል አረጋገጥ አልነበረም፤ ጥፍሬ ጠቁሮ ከርሟል።

"የለም" አልኩ።

"ዝርዝሩ ላይም የለም" አለ ፎርማኑ ቅልል ብሎት። "እኔ የማፈርሰው ዝርዝሩን ነው።" እትዬ አስካለን እጅ ነሥቶ ሄደ። እሳቸው ምን እንዳለ ስላልሰሙ በታላቅ ድምፅ "ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። በምልክት፣ በጣቴ ከንፈሬን ይዤ፣ በኋላ አልኳቸው።

ምትክ የተባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ቁልፉ እስኪሰጠን ክረምቱን ያሳለፍነው እዚያው ከዋርካው ሥር፣ በእትዬ አስካለ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ልጋብዛችሁ ብለው ሳይሆን፣ ዕቃችንን ራሳቸው ማስገባት ስለጀመሩ ገባን። ያኔ ያወቅኩት ነገር፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ዋርካ ለብቻው ሲዘንብ ይቆያል። እላዩ የሚያድሩት ቁራዎች ከንጋት በፊት ይነሣሉ። እኔና ፀዳለ በቀዳዳው ቆርቆሮ ሥር ሳፋ እየደቀንን፣ አቶ ሽኩር ደግሞ ፊቱ የተቆረጠ ሱቃቸውን በር በጓሮ በኩል እያዞሩ፣ ክረምቱ አለፈ። ዛፉን ቁረጡት ብዬ መጨቅጨቄን እትዬ አስካለ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር። ዛፉ ተቆርጦ ቢሆን መንገዱ ሳይጎብጥ በእሳቸው ቤት ላይ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ወረቀት ስለሌላቸው ምትክ የሚባል ነገር ባልነበረ። ይህን ማሰብ አይቀርላችሁም፤ በተለይ ሳፋ ደቅናችሁ ስትቀመጡ።

ቁልፉ ሲመጣ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣል። ዕቃችንን ጋሪ ላይ ጭነን ስንጨርስ ለእትዬ አስካለ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ አሰብኩና፣ ፋይልዎን እንደገና ላንቀሳቅሰው ወይ አልኳቸው፤ አሁን ሰፈሩ ተረጋግቷል፣ ናትናኤልም እዚያው አለ።

አፌን ሲያዩ ቆዩ። "ተወው" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሲስተሙ ተኝቷል። ተኝቶ ይክረም፣ አትቀስቅሰው።"

እንዲህ ስላችሁ ታዲያ አሸንፈዋል ማለቴ አይደለም። ወረቀት የላቸውም፣ ውሃ የላቸውም፣ ቆርቆሯቸው ያው ነው፤ መኪና ሲቆም አሁንም ከወንበራቸው ይነሣሉ። ሴትዮዋ በእርጅናቸው ከለላ ያገኙት አንድ ሰው በሠራው ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን ሌላ ሰው እስኪያርመው ድረስ። ይህን ከተማ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው። ግን ሰው በስሕተት ካልሆነ በቀር በሰላም የማይኖርበት አሠራር ምን ዓይነት አሠራር እንደሆነ ያስተማርኩበት ምዕራፍ ትዝ አይለኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ናትናኤል ነው። ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ።

"መምህር፣ ጥሩ ዜና አለኝ" አለኝ። "አዲስ ሲስተም ሊገባልን ነው። ቅጠሉን አልፎ ከሥር ያለውን ጣሪያ ይለያል ብለውናል። የእትዬ አስካለን ፋይል እኔው ጋ ነው ያስቀመጥኩት፤ የመጀመሪያ እናድርጋቸው ብዬ ነው። ላውጣው?"

ልጁ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልረሳቸውም። ልመርቀው ፈለግኩ። "ሲስተሙ ካያቸው በኋላ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ይመዘግባል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንደ ፕላኑ ነው የሚሆነው።"

"ቦታው በፕላኑ ምንድን ነው?"

የኮምፒውተሩ ፊደል ሲነካካ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ቆየ። "አረንጓዴ ቦታ ነው የሚለው" አለ፣ ደስታው ቀስ እያለ ከድምፁ ሲወጣ ይታወቀኛል። "ዛፉ የሚጠበቅ ነው። ግንባታ ግን... በዛፉ ዙሪያ ግንባታ አይፈቀድም።"

አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ቁልቁል መንገዱን አያለሁ፤ ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው።

"የትኛዋ አስካለ?" አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ አየሁት።

"ይቅርታ መምህር" አለ በመጨረሻ። "ከሌላ ፋይል ጋር ተደባልቆብኝ ነው።" ከዚያ ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀኝ፣ ስለ አራተኛ ፎቁ ደረጃ ጠየቀኝ፣ ፀዳለን ሰላም ይበሉልኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ፀዳለ ከጓዳ ብቅ ብላ ማን ነው የደወለው አለችኝ።

"ከዚያ መሥሪያ ቤት ነው" አልኳት። "ሲስተም የለም ብለው ነው።"

"ተመስገን" አለች፤ ወደ ጓዳዋም ተመለሰች።